የፍለጋ ገጽ ማስታወቂያዎች አቀራረብ ለውጥ እና አገልግሎት ፈላጊው ተጠቃሚ

የገናን በዓል በላሊበላ ለማክበር ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳም ሆነ ፓስፖርት ለማውጣት የሚፈልግ የላስታ ወጣት፣ ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእጅ ስልኩ ጎግል ላይ ጥቂት ቃላት በመጻፍ ነው። ከሁሉ በላይ ሆኖ የሚያገኘው አድራሻ ግን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ላይሆን ይችላል፤ ያ ቦታ በክፍያ የሚያዝ ነውና።

ጎግል በፍለጋ ገጹ ላይ ማስታወቂያ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለብዙ ዓመታት ከውጤቶቹ በላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ባለቀለም መደብ ነበራቸው፤ የቀሩት ደግሞ በገጹ ቀኝ በኩል ለብቻቸው ይደረደሩ ነበር። ስለሆነም እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ በዓይኑ ሊለያቸው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የመደቡ ቀለም ቀርቶ አነስተኛ ቢጫ ምልክት ተተካ። በ2016 የቀኙ ዓምድ ከኮምፒውተር ገጽ ላይ ተነሥቶ ከላይ የሚቀመጡት ማስታወቂያዎች እስከ አራት እንዲደርሱ ተደረገ። ምልክቱ አረንጓዴ፣ ቆይቶም ጥቁር ጽሑፍ ሆነ፤ ከ2022 ጀምሮ «ስፖንሰርድ» በሚለው ቃል ተለወጠ። ማስታወቂያው ያለ ክፍያ ከሚወጣው ውጤት ጋር ደረጃ በደረጃ እየተመሳሰለ ሄዷል ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ይፋ የሆነው ለውጥ ይህን በከፊል ያርማል። ማስታወቂያዎቹ በአንድ ትልቅ ርዕስ ሥር ተሰባስበዋል፤ ርዕሱም ተጠቃሚው ገጹን ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ ከዓይኑ አይጠፋም። ማስታወቂያዎቹን ለመሰወር የሚያስችል ቁልፍም ተጨምሯል። ሆኖም ቁልፉ የሚገኘው ከማስታወቂያዎቹ በታች በመሆኑ፣ በትንሽ የስልክ መስታወት የሚፈልግ ሰው እዚያ ከመድረሱ በፊት ሁሉንም ማለፍ ይኖርበታል። የቸኮለ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ይጫናል።

የቸኮለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በቪዛ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አገልግሎት ትሰጣለች፤ ማመልከቻውም በመንግሥት አድራሻ በቀጥታ ይቀርባል። በመካከል የሚገባ ወኪል ከመደበኛው ክፍያ በላይ ያስከፍላል፤ የአመልካቹ የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ካርድ ቁጥርም በሦስተኛ ወገን እጅ ይገባል። ጎግል ለመንግሥት ሰነዶች የሚወጡ ማስታወቂያዎችን የሚገድብ ደንብ አለው፤ ደንቡ ግን ተገልጋዩን ከማጣራት አያድነውም። ለፋይዳ ምዝገባ ክፍያ ስለማይጠየቅ፣ ለምዝገባው ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ያለ ጥርጥር ሊታለፍ ይገባዋል።

ለላሊበላ ከተማ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። አንድ እንግዳ የሆቴል ስም ጠቅሶ ሲፈልግ፣ በዚያው ስም ማስታወቂያ የገዛ የክፍል ማስያዣ ድርጅት ከሆቴሉ የራሱ ገጽ በላይ ሊወጣ ይችላል። እንግዳው በዚያ በኩል ሲይዝ ኮሚሽኑ ከሆቴሉ ገቢ ይቀነሳል። በኮቪድ-19 እና በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ጎብኚ ለነጠፈባት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ሆቴሎች ለቀድሞ እንግዶቻቸው ስልካቸውንና ትክክለኛ አድራሻቸውን በቀጥታ መላካቸው ከማስታወቂያ ጨረታው ውጭ ያደርጋቸዋል።

የአብዛኞቹ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት የድረ ገጽ አድራሻ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ያበቃል። መታየት ያለበት የአድራሻው መጨረሻ ነው፤ በመሐል «ቪዛ» ወይም «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል መኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ መለያ አየር መንገድንና ባንኮችን የመሳሰሉ ድርጅቶችን እንደማይመለከት መታወቅ አለበት። በማስታወቂያው አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች በመጫን የከፋዩን ስምና አገር ማየት የሚቻል ሲሆን፣ ትክክለኛውን አድራሻ አንድ ጊዜ ያገኘ ተገልጋይ በስልኩ ቢያስቀምጠው በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።