ከመቅጠፍ መለየት ይቅደም

ዛሬ ስለ አደይ አበባ ያለኝን ሐሳብ ላካፍላችሁ ነው።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከጓደኞቼ ጋር ለአበባየሆሽ የሚሆን አበባ ልንቀጥፍ ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው መስክ ወጣን። በገብሱ ማሳ ዳር ቢጫ አበባ ሞልቶ ስናይ እየሮጥን ሄድን። አምና ከገጠር የመጣች ጓደኛችን «ኧረ ይሄ አደይ አይደለም፣ መጭ ነው» አለች። እኔ ግን «ቢጫ አይደል እንዴ? አንቺ ደግሞ!» ብዬ ሳቅኩባት። ሌሎቹም ሳቁ። እሷ ዝም አለች።

ቤት ስደርስ አያቴ የታቀፍኩትን አየችና «ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ አረም ታመጪልኛለሽ?» አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

ትምህርት ሲከፈት የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም አምጥተን በአጉሊ መነጽር አየናቸው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም መስከረም ላይ ያብባሉ። እንዲያውም አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው፤ በዚህም ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ቅጠላቸው ነው። የአደይ ቅጠል ተሰነጣጥቆ ብዙ ቀጫጭን ክፍሎች አሉት። የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ረዘም ያለና ሲዳብሱት የሚሻክር ነው። መጭ የኑግ ዘመድ ነው። ኑግ ዘይት ይሰጠናል፣ መጭ ግን ገበሬውን የሚያስቸግር አረም ነው።

የአደይ ሳይንሳዊ ስም ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል። ስሙ በሙሉ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚል አለ። ይህም የኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የፕሮፌሰር መስፍን ታደሰ ስም ነው። የኛ ሰው እንዲህ አጥንቶት እኛ በየዓመቱ ይዘነው እየዘፈንን አናውቀውም ማለት ያሳፍራል።

አንዳንድ ልጆች «ሁለቱም ያምራሉ፣ ምን ለውጥ አለው?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የማናውቀውን ነገር መጠበቅ አንችልም። ዛሬ መጭን አደይ ብለን ከቀጠፍን፣ ነገ ደግሞ አደይን አረም ነው ብለን ልንነቅለው እንችላለን።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። አንደኛ፣ የሳይንስ ክበብ የሁለቱንም ቅጠል በደብተር መሃል አድርቆ፣ ስማቸውን ጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። ሁለተኛ፣ አደይ ስንቀጥፍ ከነሥሩ አንንቀል፤ ዘሩ መሬት እንዲወድቅ የተወሰነውን እንተወው። ሦስተኛ፣ የሚያውቅ ሰው ሲነግረን እንስማ። እርሻ እያየች ያደገች ልጅ ከኛ የበለጠ ታውቃለች።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? እኔም ከመቅጠፍ መለየት ይቅደም እላለሁ። ለዚያች ጓደኛዬም በዚህ መጽሔት በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ የሳቅኩባትም በሰው ፊት ነበርና። ለመስቀል አበባ ስንሄድ መሪያችን እሷ ናት።


ከ7ኛ ክፍል