ተመራማሪ የሚፈጠረው የት ነው?

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቢልሃርዝያን የመከላከል ምርምራቸው ከዚያ ተነሣ። እንዶዱን የሚያውቁት ሴቶቹ ነበሩ፤ ላቦራቶሪው ግን የምሁሩ።

እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አለርት ግቢ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ሥጋ ደዌን ለማጥናት ተቋቋመ። ሕሙማኑ ለጥናቱ ናሙና ሰጥተዋል። ከልጆቻቸውስ ስንቱ አጥኚ ይሆናል? በሽታን በቤቱ ያየ ሰው ሌላው የማያነሣውን ጥያቄ ያነሣል።

«እኛን አስተማሪዎችን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ማይክሮስኮፑን ሁልጊዜ ደፋሮቹ ወንዶች ብቻ ከከበቡት፣ የነገው ላቦራቶሪም ያው ነው። ዕጩ መምህራን፣ ኋላ ወንበር የተቀመጠችውን፣ ክራንች የያዘውን፣ በወላጁ ሕመም የሚሸሹትን ልጅ አስቀድመን እንጥራ።