ሸክማችን በማን ጀርባ ላይ ነው?

በቃሊቲ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ሁሉ የከባድ መኪናዎቹን ሰልፍ ያውቀዋል። ጭነታቸው በጉምሩክ ይፈተሻል፤ በአገር አቋራጩ መንገድም የሚዛን ጣቢያ ይጠብቃቸዋል፤ ከተፈቀደው በላይ የጫነ ይቀጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ትርፉ ጭነት መኪናውን ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም መንገድ ይሰብራል። ከዚያው ከቃሊቲ መናኸሪያ የዝቋላን ወይም የየረርን ተራራ ለመውጣት የሚነሣው ተማሪ ግን በጀርባው ያዘለው ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። እርሱ ራሱም አያውቀውም። ለብረት ሚዛን ያወጣን ሰዎች ለአጥንት ሳናወጣለት መቅረታችን አያስገርምምን?

አስተያየታችን አጭር ነው። የጉዞ ሸክም የግል ጉዳይ ነው የሚባለው አነጋገር ስሕተት ነው። ከልክ በላይ የታጨቀ ከረጢት በባለቤቱ ትከሻ ላይ ብዙ አይቆይም። በሜዳው ላይ ጉልበተኛ የነበረው ሁሉ ዳገቱ ሲጀምር ይቆማል፤ ከረጢቱም ወደ ደኅናው ጓደኛ ይዞራል፤ ከዚያም ከመንገድ ዳር ለተገኘው የገበሬ ልጅ ይሰጣል፤ እርሱም ከሌለ ለአህያ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ውሎ አድሮ ያልጠየቀው ሰው ጀርባ ላይ ያርፋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ዛሬ እንደምናውቀው ያለ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ሄደ፤ ነገር ግን ከስንቁ ብዙውን የተሸከሙት ሴቶች፣ አሽከሮች፣ በቅሎዎችና አህዮች ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ቀኖች ስንቅ እያለቀ መሄዱ ሠራዊቱን ምን ያህል እንዳስጨነቀው በታሪክ የታወቀ ነው። የተዋጊው ስም ሲወሳ ኖሯል፤ ድስቱንና ዱቄቱን ያዘለችው ሴት ግን ስሟ ብዙም አይነሣም።

በሸክም ነገር ከማንም ይልቅ የሚያስቡት አዳኞች ናቸው። እኛ ተማሪዎች ጠመንጃ ይዘን አንወጣም፤ የዱር እንስሳትም በአዋጅ የተጠበቁ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ቢሆንም ከአዳኝ ስሌት የምንማረው አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ፣ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በፈቃድ የሚያድን ሰው ወደ አርሲና ወደ ባሌ ተራሮች ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይዤ ልሂድ?» ሳይሆን «ምን ይዤ እመለሳለሁ?» የሚለውን ነው። መሄጃው ላይ ጀርባውን የሞላ ሰው ለመመለሻው ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ቀንዱንና ሥጋውን፣ ድንኳኑንና ሳጥኑን ከተራራው የሚያወርዱት ብዙውን ጊዜ ያገሩ ሰዎችና ፈረሶቻቸው ናቸው። ስሌቱን የሚያሰላው አንዱ፣ ክብደቱን የሚከፍለው ሌላው ነው።

እንግዲህ ልኩ ምንድን ነው? ተራራ ወጪዎች በብዛት የሚቀበሉት መጠን ለብዙ ቀን ጉዞ ከራስ ክብደት አንድ አምስተኛው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ከ12 ኪሎ አይለፍ፤ 50 ኪሎ የምትመዝን ከ10 ኪሎ አትለፍ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ለሚታደርበት ጉዞ ይህ ከበቂ በላይ መሆኑን እንቁጠረው። ከረጢቱ ራሱ 1 ኪሎ ተኩል፤ የሌሊት ልብስ 2 ኪሎ፤ የሁለት ቀን ስንቅ 1 ኪሎ ተኩል፤ ሦስት ሊትር ውኃ 3 ኪሎ፤ የዝናብ ልብስ ግማሽ ኪሎ፤ ከጋራው ዕቃ የሚደርስ ድርሻ 1 ኪሎ። ድምሩ 9 ኪሎ ተኩል ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ወይ ፍርሃት ነው ወይ ጌጥ ነው። «ምናልባት ቢያስፈልግ» ተብሎ የተያዘው ሦስተኛ ሱሪና ለጭፈራ የተያዘው ስፒከር ከዚሁ ይመደባሉ።

ስንቅን በሚመለከት እናቶቻችን ከማንኛውም ሱቅ ይበልጣሉ። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው፤ ድርቆሽ ሲሆን ግን ውኃው እቤት ይቀራል። ቋንጣም እንዲሁ ውኃውን የጣለ ሥጋ ነው። ግማሽ ኪሎ በሶ ከ1,700 ካሎሪ በላይ ይሰጣል፤ እሳትም ድስትም አይጠይቅም። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ኪስ ውስጥ ይጓዛሉ። ይህ ሁሉ ተሸክሞ የሄደ ሕዝብ በዘመናት ያገኘው ዕውቀት ነው። እኛ ግን በድርቆሹ አፍረን የቆርቆሮ ምግብ እንገዛለን፤ መረቁንና ቆርቆሮውን ጭምር ዳገት እናወጣለን። ውኃ ላይ ብቻ መቆጠብ አይገባም፤ ውኃ የሚቀንስ ሰው በኋላ የጓደኛውን ይጠጣልና።

አጫጫኑም ሥርዓት አለው። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ በትከሻ አጥንቶች መካከል ይሁን፤ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። የወገብ ማሰሪያ ያለው ከረጢት ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርደዋል። ጋቢ ይሞቃል፤ ነገር ግን ዝናብ ሲጠጣ ሸክሙ ይበረታልና በላስቲክ ይጠቅለል። ድስት፣ ቢላዋ፣ ድንኳንና የመድኃኒት ሣጥን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሳይሆን ለቡድኑ ይያዙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

«ያገራችን ሰው ተሸክሞ የኖረ ነው፤ ስለ ኪሎ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከእንጦጦ ማገዶ ይዘው የሚወርዱት ሴቶች ከ30 ኪሎ በላይ ሲሸከሙ ኖረዋል። ነገር ግን እነርሱ የሚሸከሙት ስለሚችሉ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መተዳደሪያ ስላጡ ነው። የችግርን ልክ የሰው ልክ አድርጎ መውሰድ ለተማረ ሰው አያምርም። ሌሎች ደግሞ «ተሸካሚ ብንቀጥር ለድኻው ገቢ ነው» ይላሉ። መቅጠሩን አንቃወምም። የምንቃወመው ለራሳችን 10 ኪሎ የበዛብንን ለእርሱ 30 ኪሎ ማሳነሳችንን ነው።

ስለዚህ ጉዞ የሚያዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ሦስት ነገር እንዲወስኑ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከመነሣታችን በፊት ከረጢቱ ሁሉ ይመዘን። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በአቃቂም በቃሊቲም ወፍጮ ቤት አለ፤ ወፍጮ ቤት ባለበት ሚዛን አለ። ጤፉ የሚመዘንበት ሚዛን ለእኛም ይበቃናል። ሁለተኛ፣ የጋራው ዕቃ እንደ እያንዳንዱ ጉልበት ይከፈል፤ ከልኩ ያለፈው ትርፍ እዚያው ይውጣ፤ በባለቤቱ ልመናም አይመለስ። ሦስተኛ፣ ተሸካሚ ወይም አህያ ከተቀጠረ የሰውየው ጭነት በእኛው ልክ ይመዘን፤ ዋጋውም ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ይቆረጥ፤ ደክሞ ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ዋጋ መነጋገር አይባልምና።

ስለ እኩልነት በየስብሰባው ብዙ ቃል እንናገራለን። ቃሉ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን ዳገቱ መካከል ላይ፣ ላብ ሲወርድና ትንፋሽ ሲያጥር፣ ማን ምን እንደተሸከመ በሚታይበት ጊዜ ነው። የራሱን መዝኖ የተነሣ ሰው እዚያ ሲደርስ ለደከመው ጓደኛው የሚዘረጋው እጅ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።