ውሃው ጠራ ሲባል

በራያ ቆላ የምትኖር እናት የውሃን ጠባይ ከወሩ ጋር አያይዛ ታውቀዋለች። በሐምሌና በነሐሴ ከዞብል ተራራና ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቆቦ ሜዳ ሲገባ፣ በየኩሬው የሚጠራቀመው ውሃ ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስላል። እርሷም ታሳድረዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ታፈላዋለች። መስከረም ጠብቶ ደለሉ ሲዘቅጥ ግን «እሰይ፣ ውሃው ጠራ» ትላለች፤ ልቧም ያርፋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሳው የፈለግነው ይህንኑ የልብ ማረፍ ነው።

ድፍርስ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም። በመሆኑም አልጌ የሚባሉት፣ በዓይን የማይለዩት የውሃ ደቃቅ ዕፀዋት በክረምት እምብዛም አይበዙም። ጭቃው ሲዘቅጥ ግን ፀሐይ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች፤ ጎርፉ ከማሳ ያጠበው ማዳበሪያና ከብቶች የጣሉት እበትም ምግብ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሙቀትና የረጋ ውሃ ካገኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩሬውን አረንጓዴ ያደርጉታል። በበጋው ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ነገሩ ይብሳል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ እንደገና ይደፈርሳል፤ የራያ በልግ ደግሞ እንደሚታወቀው እምነት የሚጣልበት አይደለም።

አረንጓዴ ሁሉ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅ የተባለውን ያቀለመው ስፒሩሊና ነው፤ የዚሁ ወገን የሆነውን የቻድ ሴቶች ከሐይቅ ዳር ለቅመው፣ አድርቀው ለወጥ ያውሉታል። የሚያስፈራው ሚክሮሲስቲስ የሚባለው ነው። ነፋስ ወደ ዳር ሲገፋው እንደ ወተት ስልባቦት ይንሳፈፋል፤ ሲደርቅ ሰማያዊ መልክ ያወጣል፤ ይሸታልም። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውሃ በዚህ አልጌ መወረሩ በጥናት ታውቋል፤ ለአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ በሚሰጠው በለገዳዲ ግድብም ታይቷል። መርዙ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። በ1988 ዓ.ም. በብራዚል፣ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ፣ በኩላሊት እጥበት ላይ ከነበሩ ሕሙማን ከ50 የማያንሱት የሞቱት ከግድብ በመጣ ውሃ ውስጥ በነበረ የዚህ ዓይነት መርዝ ነው።

እናቶች በብርቱ ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ። ማፍላት የተቅማጥ ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም። እንዲያውም አልጌው በሙቀት ሲፈነዳ በውስጡ የያዘውን መርዝ ለውሃው ይለቅለታል። በነጠላ ማጥለልም ስልባቦቱን ያስቀር ይሆናል እንጂ የሟሟውን አያስቀርም። ስለዚህ ስልባቦት የያዘ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም፤ ለጡጦማ ፈጽሞ አይታሰብም። ሕፃናት ሊታጠቡበትም አይገባም፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ከዋጡትም ያስመልሳል። ከብት እንኳ ጠጥቶት ሊሞት ይችላል።

ታዲያ ምን ይጠጣ? ብርሃን አይቶ የማያውቅ ውሃ አልጌ አያበቅልም። የቆቦ ሜዳ ከሥሩ ብዙ ውሃ እንዳለው ለመስኖ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ምስክር ናቸው። ጉድጓድ በሌለበት ከኩሬው ይልቅ የወንዝ አሸዋ ቆፍሮ፣ አሸዋው ያጣራውን ቀድቶ አፍልቶ መጠጣት ይሻላል። ከብቱ ኩሬው ውስጥ እንዳይገባ ማጠርና ከውጭ ገንዳ ማዘጋጀትም ያስፈልጋል። ይህ የአባወራው ድርሻ ነው፤ የውሃ ነገር የሴት ነው የሚለው ወግ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ከተሜዋ እናትም የገጠር ነገር ነው ብላ አትለፈው። ቧንቧ ይጠፋል በሚል ስጋት ሞልታ በረንዳ ላይ የምታስቀምጠው ነጭ ጄሪካን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ አረንጓዴ ልባስ ያወጣል። ይህኛው በአብዛኛው መርዝ ባይኖረውም መንስኤው ያው ብርሃንና የቆመ ውሃ ነው። ጠጠርና ጥቂት ውሃ ከትቶ እንደ ቅል እየናጡ ማጠብ፣ ከዚያም ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ ከጥላ ማኖር ነው።