ዝናብን ማስወገድ

በየመንገዱ ዳር ለጎርፍ የምንሠራውን ቦይ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ «የጎርፍ ማስወገጃ» ብለን እንጠራዋለን። በእኛ አስተያየት የአዲስ አበባ የውኃ ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ስም ነው። የሚወገድ ነገር ቆሻሻ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰማይ የሚወርደው ውኃ ግን ቆሻሻ አይደለም። ቆሻሻ የሚያደርገው የእኛ መንገድና የእኛ ግቢ ነው።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ሰውን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች የሳበው ፍል ውኃው ነበር። በውኃ ምክንያት የተወለደች ከተማ ውኃን ታከብራለች ብሎ የሚያስብ እንግዳ ቢኖር፣ በሐምሌ ወር ከቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ይመልከት። ስለ ሽታው አንናገርም፤ አንባቢያችን ያውቀዋል።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ ግን በ2,100 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ውኃ በሁለት መንገድ ይወርዳል፤ አንደኛው በገሀድ፣ በወንዞቹ ሲሆን፣ ሁለተኛው በስውር፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የፊተኛው በሰዓታት ይደርሳል፤ የኋለኛው ዓመታት ይፈጅበታል። የከተማው ሕዝብ ደግሞ የሚጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ብቻ ሳይሆን ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም ጭምር ነው። እንግዲህ ከላይ የምንደፋው ነገር ውሎ አድሮ ከታች ከምንቀዳው ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ያለበሰ ሰው «ንጹሕ ሰው ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ እኛም እንዲሁ ብለን አመስግነናል። ነገር ግን ያ ግቢ ዝናቡን አያሰርግም። በአንጻሩ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ፣ የጋራዡ ዘይትና የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ወደ መሬትና ወደ ወንዝ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል። በክረምት ሌሊት ጉድጓዱን ከፍቶ ከጎርፍ ጋር የሚለቅ ጎረቤትም በየሠፈሩ ይታወቃል። ሊሰርግ የሚገባውን ከልክለን ሊሰርግ የማይገባውን ፈቀድን ማለት ነው።

«ቱቦውን ማስፋት ይበቃል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቱቦ ማስፋት የአንዱን ክፍለ ከተማ ጎርፍ በፍጥነት ለሌላው ማስረከብ ነው፤ ፍጻሜውም ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች የሚገናኙበትን አባ ሳሙኤልን በደለልና በቆሻሻ መሙላት ነው። በዚያው ወንዝ የለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል።

ሌሎች ደግሞ «ድኾች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይላሉ። መሬትን ሳይሸፍኑ መተው ከመሸፈን ይረክሳል እንጂ አይወደድም። የተሰበረ ቱቦ ይለወጣል፤ የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ላይጠራ ይችላል። ጉዳዩን ለነገ ማሳደር ምን እንደሚያስከትል ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የረጲ ቆሼ አሳይቶናል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የወንዝ ዳር ልማት አንነቅፍም። ዳሩ ሲያምር ግን ወደ ወንዙ የሚገባው ነገር ካልታገደ፣ ያማረው መቀመጫው ብቻ ነው።

አንድ ሒሳብ እናቅርብ። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣራ ላይ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ወደ ቱቦ ሰድደን፣ ጀሪካን ደርድረን የፈረቃ ውኃ እንጠብቃለን።

ስለዚህ የከተማው ፕላን አውጪዎች ሁለት ነገር እንዲደነግጉ እንጠይቃለን። ለማንኛውም ቤት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ከቦታው የተወሰነው እጅ አፈር ሆኖ ይቅር፤ የጣራውም ውኃ በጋን ወይም በጉድጓድ ይያዝ። በአቃቂ ጉድጓዶች ዙሪያና ውኃቸው በሚመነጭበት መሬት ላይም ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያና ቆሻሻ መጣያ እንዳይሠራ ክልሉ በካርታ ተለይቶ ይታወጅ። ሥራው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከትምህርት ቤቶች ይጀመር፤ ጣራቸው ሰፊ ነው፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው ራሱ መንግሥት ነው።