ሣቅ አገር ሲለውጥ

ሰውን በሁለት ጎራ የሚከፍለው ኳስ ብቻ የሚመስላችሁ ከሆነ፣ አንድ ቀን ወደ አምቦ ብቅ በሉና እኛን ወጣት መምህራን በሻይ ሰዓት ስሙን። የሰሞኑ ሙግታችን «ዘ ኦፊስ» ስለሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። «የእንግሊዙ ይበልጣል ወይስ የአሜሪካው?» እየተባባልን ሻያችን ይቀዘቅዛል። ዛሬ እኔም ፍርዴን ለእናንተ ላቅርብ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ። በ2001 ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ስላው በምትባል ከተማ ስለሚገኝ የአንድ ወረቀት ሻጭ ድርጅት ቅርንጫፍ ተከታታይ ኮሜዲ ሠሩ። የቅርንጫፉ አለቃ ዴቪድ ብሬንት ጥሩ አለቃም ጥሩ ቀልደኛም ነኝ ባይ ነው፤ ሁለቱንም ግን አይደለም። ቀልዱን ሲጨርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በመጨረሻም ከሥራው ይሰናበታል። ኮሜዲው በ2003 ሲያበቃ ክፍሎቹ 14 ብቻ ነበሩ።

በ2005 አሜሪካኖች ታሪኩን ወስደው በፔንስልቬንያ ወደምትገኘው ወደ ስክራንተን አዛወሩት። የመጀመሪያውን ክፍል ከእንግሊዙ ቃል በቃል ገለበጡት ለማለት ይቻላል፤ ነቀፋም አላጣውም። በሁለተኛው ዙር ግን ግሬግ ዳንኤልስና ባልደረቦቹ ዘዴ ለወጡ። ስቲቭ ካሬል የሚጫወተውን አለቃ፣ ማይክል ስኮትን፣ ሞኝነቱን ሳይወስዱበት ብቸኝነቱን አሳዩን፤ ወረቀት መሸጥንም አስቻሉት። የማይወደድ አለቃን 14 ክፍል መታገሥ ይቻላል፤ ለዓመታት ግን ማን ይችለዋል? በዚህ መንገድ ኮሜዲው እስከ 2013 ዘልቆ 201 ክፍል ደረሰ።

«ዋናው ምን ጊዜም ዋና ነው» የሚሉ ባልደረቦቼን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአምቦ በማይርቀው በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ1666 በፓሪስ የታየውን የሞልየርን ኮሜዲ «የፌዝ ዶክተር» ብለው ወደ አማርኛ ሲመልሱት ሣቁ ቀነሰን? አንድ እንጨት ቆራጭ ዱላ ሲበዛበት «አዎ፣ ሐኪም ነኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የማያውቀውን ሙያ ሲያስተምር ይውላል። እርሱን ዱላ ሐኪም አደረገው፤ ብሬንትን ደግሞ ወንበር አለቃ አደረገው። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ።

ይህን የማነሣው በከንቱ አይደለም። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ለትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ አጭር ኮሜዲ ጽፎ አመጣልኝ። አለቃው «በረዶው መንገድ ዘግቶብኝ ነው» እያለ አርፍዶ ይገባል። «አንተ ልጅ፣ አምቦ ላይ መንገድ የሚዘጋ በረዶ የት አየህ?» ብለው፣ «ፊልሙ ላይ አለ፣ ቲቸር» አለኝ። «እስቲ አባትህ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄደው ያዩትን ጻፍልኝ» ብዬ መለስኩት።

በሳምንቱ ያመጣው ሌላ ነበር። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ግን የለም። ማኅተም ያዡ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ለቅሶ ሄዷል። ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣው ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ ጥበቃው ብቻ በአፋን ኦሮሞ «አባባ፣ ይቀመጡ» ይለዋል። ክበቡ ሲያነበው ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ።

አንዲት ተማሪ ግን አልሣቀችም። «ቲቸር፣ ኃላፊዎቹ ቢቀየሙስ?» አለች። ጥያቄዋ ከእኛ የሻይ ሙግት ይበልጣል። እኔ የመለስኩላት ይህን ነው፦ የማንንም ስም አትጥሩ፤ የማንንም መልክና አነጋገር አታስመስሉ፤ አመሉን ግን አትማሩት። ኃላፊውም አዳራሽ መጥቶ ከባለጉዳዩ ጎን ተቀምጦ ቢሥቅ፣ በማግስቱ ኮቱን ሲሰቅል ትዝ ይለው ይሆናል።

ስለዚህ ፍርዴ ለስላውም ለስክራንተንም አይደለም። የአሜሪካው ኮሜዲ የዳነው መገልበጡን ሲተው ነው፤ እኛም ከእርሱ የምንወስደው ይህን ነው። እናንተ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ያላችሁ አንባቢዎቼ፤ የእናንተስ መሥሪያ ቤት አለቃ እንዴት ያለ ነው? ስሙን ትታችሁ አመሉን ጻፉልኝ።