አተላ የማን ሀብት ነው?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ጠላ የማይጠመቅበት ሰፈር ማግኘት ያዳግታል። ጋኑ በታጠበ ቁጥር ከሚወጣው አተላ ከፊሉ በባልዲ ተቀድቶ ከብት ካለው ጎረቤት በረት ይደርሳል። የቀረው ወደ ቦይ ይደፋል፤ በዚያም ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል፣ ዝናብ ሲጥልም ወደ ወንዝ ይወርዳል። እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው የዚህን የሚደፋውን ጉዳይ ነው።

አተላ በቋንቋችን መስደቢያ እስከ መሆን ደርሷል። ንቀቱ ግን ከነገሩ ባሕርይ ጋር አይጣጣምም። ብቅሉና አሻሮው ሲብላላ ወደ አልኮል የሚለወጠው በዋነኛነት የእህሉ ስታርች ሲሆን፣ ገንቢው ንጥረ ነገር ማለትም ፕሮቲኑ ከገለባው ጋር እአተላው ውስጥ ይቀራል። ውኃው ተነሥቶለት ሲለካ ከመቶ 20 እጅ ገደማው ፕሮቲን ነው። የጤፍ ጭድ በአንጻሩ ከመቶ 5 እጅ ለመድረስ እንኳ ይቸገራል። ጭድ በማይጠፋበት በምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር፣ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ወተቷ የሚያጥረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ ገዝቶ መቀለብ ደግሞ የሠርቶ አደሩ ቤተሰብ ሁሉ አቅም አይደለም።

ፋብሪካዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ 20 ኪሎ ያህል እርጥብ አተላ ይተርፋል፤ በአዲስ አበባም ላም አርቢዎች ይህንኑ ገዝተው ይመግባሉ። በባዕድ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የቢራ ፋብሪካ አተላ ገና እንፋሎቱ ሳይበርድ በተሳቢ ተጭኖ ወደ እርሻ ሲሄድ ተመልክተናል። ቢቸናና ሞጣ ግን የቢራ ፋብሪካ የላቸውም። ጠመቃቸው በየጓዳው የተበተነ ነው፤ ጠማቂዎቹም በአብዛኛው በጠላ ሽያጭ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የሌላውን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አይበጅም። በውጭ አገር የቢራ አተላ ደርቆና ተፈጭቶ ከዳቦ ዱቄት ጋር ይቀየጣል፤ የእኛ አተላ ግን ጌሾ አለበትና ምሬቱ ለዳቦ አይሆንም። በማገዶ እናድርቀው ማለትም፣ አረቄ ማውጣቱ ብቻውን የሚፈጀውን እንጨት ለሚያውቅ፣ ቀልድ ይመስላል።

ዋናው ችግር አተላ አለመቆየቱ ነው። ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያም የሚበልጠው ውኃ በመሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል። ሻጋታም በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም፤ አንዳንዱ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በላሟ አልፎ ከወተቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል በአውሮፓ ከተፈቀደው ልክ ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። በዚያ የተወቀሰው በተለይ የኑግ ፋጉሎ ቢሆንም ለአተላም ማስጠንቀቂያ ነው። መላው ከባድ አይደለም፦ አተላውን በጆንያ ማንጠፍ፣ ከጭድ ጋር መደባለቅ፣ በርሜል ውስጥ ረግጦ አየር እንዳያገኝ አጥብቆ መክደን። አየር የተነፈገው መኖ ኮምጥጦ ለሳምንታት ይቆያል። ሲከፈት የሻገተ ከተገኘ ግን ያለ ርኅራኄ መጣል አለበት።

እዚህ ላይ የቀበሌ ነዋሪዎችን የምናሳስበው ነገር አለ። አተላ ጥቅም እንዳለው በታወቀ ማግሥት፣ በጽዳት ስም በነፃ ሰብስቦ ለከብት አድላቢ የሚያቀርብ ማኅበር ብቅ ማለቱ አይቀርም። እህሉን፣ ጌሾውንና እንጨቱን የገዛችው፣ ጭሱን የተቀበለችው ጠማቂዋ ናት፤ አተላውም የእርሷ ንብረት ነው። ዋጋው በባልዲ ተሰፍሮ በዕለቱ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በስምምነት በወተት ሊከፈላት ይገባል። ሒሳቡንም ከራሳቸው ከጠማቂዎቹ መካከል የተመረጠች ትያዝ።

አተላ የሚትረፈረፈው ሰርግ በሚበዛበት በጥር ነው፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ደግሞ ለምለም ሣር የሚጠፋባቸው ናቸው። ጎረቤታሞች በርሜል በጋራ ገዝተው ማጠብ ያለባቸው እንግዲህ በታኅሣሥ ነው።